ወካላና ቲጃሪ

ጅዳ ውስጥ የመኪና ዕቃ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወካላ ነው ቲጃሪ?» ተብሎ ነው። ወካላ የሚባለው መኪናዋን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ያወጣው ዕቃ ነው። ቲጃሪ ደግሞ ሌላው አስመስሎ፣ አንዳንዴም አሳምሮ የሠራው ነው። ረቢያ ይህን የተማረችው ከመካኒክ አይደለም። ልጆቹን ካሳደገችለት ከማዳሟ ባል ነው። ሰውዬው ከመኪና ዕቃ ነጋዴዎች ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ውሎ ሲጨቃጨቅ ያመሽ ነበር፤ እሷም ወጥ ቤት ሆና እየሰማች «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ለብረት ይህን ያህል የሚንገበገብ» ትላለች። ሰው በሰው ሲስቅ ተራው እንደሚደርሰው መቼ ያውቃል?

መንግሥት ተለውጦ፣ አገር ሊቀና ነው ተብሎ የሁሉም ልብ በሞላበት ዓመት ያጠራቀመችውን ይዛ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ገባችና ከባሏ ከማህዲ ጋር አንዲት ሚኒባስ ገዙ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ አለፈም። ይኸው አሁን ሰላም ወርዷል ተብሎ መንገዱ ሁሉ በተከፈተበት ሰሞን፣ ረቢያ አልጋዋ ላይ እየተገላበጠች ወካላና ቲጃሪ ታሰላስላለች።

ነገሩ ለመናገር ቀላል ነው። ማህዲ ፍሬን ሲይዝ የሚኒባሷ መሪ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቁልቁለት ላይ ሲሆንማ ወንበሩ ሳይቀር ይርገበገባል፤ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ አንዴ መሪውን፣ አንዴ ማህዲን እያየ ከንፈሩን ያነቃንቃል። መቆሙንስ ትቆማለች። ግን የአምባሰልን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው «መቆሙንስ ትቆማለች» በሚል ማጽናኛ አይሳፈርም። ውጫሌ መናኸሪያ ላይ እነማህዲን ትቶ የኋላውን መኪና የሚጠብቅ ሰው እየበዛ መጣ።

ይህቺን መኪና ከጦርነቱ ያተረፋት ዝናው ነው። ዝናው መካኒክ ነው፤ የማህዲ አብሮ አደግ፣ በሠርጋቸውም ሚዜ የነበረ፣ ለክርስቲያን እንግዶች የተገዛውን በግ በእጁ ያረደ ሰው። ታጣቂዎች ወደ ሐይቅ እየቀረቡ ነው ሲባል ማህዲና ረቢያ ልጃቸውን ሪታጅን አዝለው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳሉት ዘመዶቻቸው በእግራቸው ሸሹ፤ ነዳጅ ከከተማው ጠፍቶ ነበርና መኪናዋ ቀረች። ዝናውም አሮጊት እናቱን ጥሎ መሄድ አልሆንልህ ብሎት ቀረ። በዚያው ዕለት የሚኒባሷን የፊት ጎማዎች ፈታ፣ የፍሬን ዲስኮቹን አወጣ፣ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ቀበራቸው፤ መኪናዋንም በድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ሊነዷት የመጡት ሁሉ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ሰድበዋት ሄዱ። አንደኛው የጎደለውን ዕቃ አምጣ ብሎ ዝናውን በሰደፍ መታው። ትከሻው እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያመዋል፤ ዕቃውን ግን አላመጣም።

እነማህዲ ሲመለሱ መኪናዋን እዚያው ድንጋይዋ ላይ አገኟት። በከተማው ሐይቅ ዳር ዱአ ተደረገ። ሼህ ሀሚዱ፣ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም በውል የማያውቁት ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘርግተው ከመረቁ በኋላ ለማህዲ «ከእሳት የወጣች ናት። ማታ ማታ ከዚህ ውኃ እግሯን ሳታስነካ እንዳታሳድራት» አሉት። ማህዲ ሰጪውን የማይረሳ ሰው ነውና ነገሩን ነዝር፣ ለአላህ የገባው ስለት አድርጎ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ይዝነብ፣ ይድከመው፣ የመጨረሻ ተሳፋሪውን አራግፎ ወደ ሐይቁ ሳይወርድ ቤቱ ገብቶ አያውቅም።

የተቀበሩት ዲስኮች ቀድሞም ሳስተው ነበር፤ የጓሮው እርጥበት ደግሞ ጨረሳቸው። ማህዲ ደሴ ወጥቶ ቲጃሪ ገዛ፣ ዝናው ገጠመለት። ወር ሳይሞላው መንቀጥቀጡ ጀመረ። ረቢያ «አላልኩም?» አለች። አላለችም ነበር፤ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ማን ይመዘግባል። ጅዳ ላለው ወንድሟ ለሐቢብ ደወለችና ከወካላው፣ ከራሱ ከወካላው እንዲገዛላት አዘዘችው። ሐቢብ የዲስኮቹን ፎቶ፣ ጠርዛቸው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሳይቀር አንስቶ በስልክ ላከላት፤ ዕቃውንም አገር ለሚገባ ሰው ሰጠላት። ለሪታጅ ጫማ ሊመጣበት የነበረው የሻንጣ ኪሎ ለብረት ዋለ።

ዕቃው የደረሰ ዕለት ረቢያ ዝናው ጋራዥ ሄዳ አዲሱን በአንድ እጇ፣ ከመኪናዋ የወጣውን ቲጃሪ በሌላ እጇ ይዛ መዘነቻቸው። ወካላው ይከብዳል። በሁለቱ ፊቶቹ መሃል ነፋስ የሚያስገቡት ክፍልፋዮች ወፍራምና እኩል ናቸው፣ ቁጥሩም ጠለቅ ብሎ ተቀርጿል። ቲጃሪው ቀለል ይላል፤ ክፍልፋዮቹ ሳሳ ያሉ፣ ቀለሙም በጠርዙ ላይ ፈሶ የደረቀ ነው።

«አየህ?» አለች፣ የሠራችው እሷ ይመስል።

«አየሁ፤» አለ ዝናው። «ከባዱ ሙቀት ይችላል። ቀላሉ ቶሎ ይግላል። ግን ረቢ፣ ዋናው ቀጥ ማለቱ ነው። ቀጥ ያለ ቲጃሪ ከጠመመ ወካላ ይሻላል።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልጣማትም፤ አዲስ ልብስ ለብሶ ለወጣ ሰው ስለ ከፈን እንደማውራት ሆነባት። ቆይቶ ደግሞ ካለመጣሙ አልፎ አስቀድሞ የተዘጋጀ ማመካኛ መሰላት። ምክንያቱም ወካላውም ተንቀጠቀጠ።

ዝናው ጎማውን ፈትቶ ዲስኩን በመዳፉ ዳሰሰ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ ጠርዙን ጠርጎ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ሳይል «ሐቢብ የት ነው የገዛው ያልሽኝ?» አላት።

«ከወካላው ነዋ። ከራሱ።»

«እህ» አለ። ጎማውን መልሶ ገጠመ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታው ያጥርበታል፣ ዓይኑም ከዓይኗ ይሸሻል። የሚስቅ ሰው ነበር፤ ሳቁ ጠፋ። ረቢያ ይህን ስታይ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚለው ተረት ሳትጠራው አፏ ላይ መጣ፤ መልሳ ዋጠችው።

ማህዲ ግን አልዋጠም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አላት አንድ ምሽት። «ወካላችንን ለሌላ መኪና ገጥሞ፣ ለእኛ ውራጁን መልሶልናል። ሌላ ምን ይሆናል? ሁለት ዓይነት ዲስክ እንዴት አንድ ዓይነት በሽታ ይይዘዋል?»

«ዝናው? በሰደፍ ተመትቶ ያላወጣውን?»

«ያኔ ጦርነት ነበር። ሰው በጦርነት ጀግና ሆኖ በሰላም ጊዜ የሚሰርቅ ሞልቷል። ቅዳሜ ደሴ ወስጄ ሌላ ጋራዥ አስከፍታታለሁ።»

ረቢያን ያስጨነቃት ይኼኛው ነው። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማህዲ መኪና የዝናውን ጋራዥ አልፋ ደሴ ከተከፈተች ምክንያቱን ማንም መናገር አያስፈልገውም፣ ከተማው ራሱ ይሞላዋል። ዝናው ሌባ ተባለ ማለት ነው። እሱ ሌባ ከሆነ ደግሞ በዚያ ክፉ ወራት ልቧን ያቆመላት ነገር ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። ገንዘቡስ ይሁን፤ ተመልሶ ይገኛል። ዝናውን ማጣት ግን አልፈለገችም። ልጠይቀው ብትል ደግሞ «ጎማውን ክፈትና ቁጥሩን ከፎቶው ጋር ላስተያይ» ማለት «ሰርቀሃል» ከማለት በምን ይለያል?

ሐሙስ ዕለት ውጫሌ ያለች የአክስቷ ልጅ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ሄደች። ማህዲ ደሴ ጭኖ ስለነበር በአያ ፈንታሁን ሚኒባስ ተሳፈረች። አያ ፈንታሁን የዝናው አጎት፣ ከማርሹ ይልቅ ምላሱ የሚፈጥን ሽማግሌ ሹፌር ነው። መኪናው ከእነረቢያ ሚኒባስ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ያረጀ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ረቢያ ጋቢና ሆና ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። አያ ፈንታሁን ፍሬኑን ያዘ። መሪው ፍንክች አላለም። መኪናው ተጨናንቆ እንደተጫነ፣ ጭልፋ ከገንፎ ውስጥ እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አያ ፈንታሁን፣ መኪናህ እንዲህ ነበረች እንዴ?»

«ኧረ የት ነበረች! በአንቺው ዲስክ ነው እንጂ።»

ረቢያ ወደ እሱ ዞረች። «በየትኛው ዲስክ?»

«እናንተ በጣላችሁት። ያንን ቲጃሪ የምትሉትን ዝናው ማህዲን አስፈቅዶ ወሰደው፣ ደሴ ቶርኖ ቤት ፊቱን አስፋቀና ለኔ ገጠመልኝ። ማህዲ አልነገረሽም? አንቺ ወረወርሽ እኔ አነሳሁ፤ ተባረኪ ልጄ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። የተጣለ ዲስክ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አያቆምም፣ አለች በሆዷ። ይሄ ወካላዬ ነው፤ ሽማግሌውንም አታሎታል። አራሷን ስትጠይቅ ምን እንዳለች፣ ምን እንደበላች አታውቅም።

ሐይቅ ስትመለስ እግሯ በቀጥታ ወደ ዝናው ጋራዥ ወሰዳት። እጁን በናፍጣ እየታጠበ ነበር። ፊቱ ቆመች። እሱም እጁን ደጋግሞ አጠበ፣ ከነጻም በኋላ አጠበ።

«ቅዳሜ ደሴ ልትከፈት ነው አሉ፤» አለ በመጨረሻ።

«ማን ነገረህ?»

«ከተማው።» በጨርቅ እጁን አደረቀ። «ከመሄዷ በፊት እኔ ልክፈታት። አንቺም ቆመሽ እዪ፣ ፎቶሽንም ያዢ። ማህዲ አሁን የት ነው?»

«ሐይቁ ጋ። ሰዓቱ ነው፤ ያጥባታል።»

መሳሪያውን በከረጢት አንጠለጠለ፣ ባጃጅ ይዘው ወረዱ። መንገዱን ሁሉ ረቢያ በልቧ አንድ ዓረፍተ ነገር ታዘጋጃለች፤ «ዝኔ፣ ችግር ገጥሞህ ከሆነ…» ብላ ትጀምርና ታፈርሰዋለች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ከእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ጀርባ እየወረደች ነበር። ሼህ ሀሚዱ እንደ ልማዳቸው ሾላው ሥር ቁጭ ብለው የመግሪብን ሰላት ይጠብቃሉ። ወዲያው ሚኒባሷ ከላይ ብቅ አለች። ማህዲ የደሴን ቁልቁለት ወርዶ፣ ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚያወርደውንም ፍሬን እንደያዘ ጨርሶ መጣ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመኪናዋ ቀድሞ ደረሰ። ሳይቆም፣ ፍጥነት እንኳ ሳይቀንስ፣ የፊት ጎማዎቹን ግማሽ ድረስ ውኃው ውስጥ ነከራቸው።

ጭሽሽ አለ። ከሁለቱም ጎማዎች ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ።

ረቢያ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ጅዳ በገባች ሰሞን ከምድጃ የወጣ የማዳሟን ወፍራም የመስታወት ትሪ ቧንቧ ሥር አስገብታው ነበር፤ እንዲሁ ጭሽ ብሎ ነው እጇ ላይ ለሁለት የተከፈለው። ማዳሟ ያን ቀን «ትኩስ ነገር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ!» ብላ የጮኸችባት ጩኸት አሁን ከዓመታት በኋላ ጆሮዋ ላይ አስተጋባ።

«ዝኔ» አለች ቀስ ብላ።

«አየሁት» አለ ዝናው። ከረጢቱን አስቀመጠና እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። «በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ ነው። ነዝሩ ነው እኮ።»

«ነዝሩንማ አውቃለሁ። በጆግ የሚያፈስላት መስሎኝ።» ግንባሩን በመዳፉ መታ። «የጋለ ብረት፣ ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ አየር ላይ! ወካላ አይደለም የሰማይ ብረት ይጣመማል። እኔም ደደብ፣ አንድ ማታ እንኳ ወርጄ አላይም? ጠዋት ቀዝቅዛ ትመጣልኛለች፣ እኔ በቀዝቃዛ ብረት እፈላሰፋለሁ።»

ረቢያ አጠገቡ ተቀመጠች። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ ከሁለቱ ግን የበለጠው እፎይታ ነበር። የአያ ፈንታሁን መኪና ለምን ቀጥ ብላ እንደምትቆም ገባት፤ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት በባልዲ ነው የሚያጥባት። ቲጃሪው ጤነኛ ነበር። ወካላውም ጤነኛ ነበር። ዝናውም ዝናው ነው። ከደረቷ ላይ አንድ የወፍጮ ድንጋይ የወረደላት መሰላት፤ ድንጋዩን የጫነችው ራሷ መሆኗ ደግሞ አሳፈራት።

ማህዲ ሱሪውን ሰብስቦ ከውኃው ወጣ። «ምነው ለቅሶ የመጣችሁ መሰላችሁ?»

ነገሩት። አላመነም፤ ደግመው ነገሩት። ዝናው መኪናዋን ከውኃው አስወጥቶ በክሪክ አነሣና ጎማውን ፈታው፤ ዲስኩ ገና ይሞቅ ነበር። ጠርዙን በጨርቅ ጠረገና ለረቢያ «አንብቢ» አላት።

«ተወው ዝኔ።»

«አንብቢ እንጂ፤ ማህዲም ይስማ።»

ስልኳን አውጥታ አነበበች። በፎቶው ያለው ቁጥር ዲስኩ ላይ ነበር። ማህዲ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ፣ ዝናውን አየና ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ። ሐይቁ ላይ ምንም አልነበረም። ግትርነቱ ግን መጣ።

«እሺ፣ ገባኝ። ነዝር ግን ነዝር ነው። ሼህ ሀሚዱ ማታ ማታ ብለውኛል። ብረት ይበላሽ፣ እኔ ከአላህ ጋር የገባሁትን ቃል አላጥፍም።»

ሼህ ሀሚዱ ሾላው ሥር ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። በምርኩዛቸው ጠሩት።

«ና ወዲህ። መንገደኛ ቁልቁለት ወርዶ፣ አልቦት ቤትህ ቢመጣ ምን ታደርገዋለህ?»

«አረፍ በል እለዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ውኃ እሰጠዋለሁ፤ እግሩን ይታጠባል።»

«ከነላቡ ሐይቅ ውስጥ አትወረውረውም?»

ማህዲ አንገቱን ደፋ።

«እግሯን አስነካት አልኩህ እንጂ ንከራት መቼ አልኩህ? ሰውን ታሳርፋለህ፣ እንጀራህን የምታመጣውን አታሳርፋትም? እዚህ አቁማት፤ መግሪብን ስገድ፣ ትንሽ ከእኔ ጋር ተጫወት። እሷ ትብረድ፤ ከዚያ ውኃዋን ስጣት። ነዝርህም ይሞላል፣ እኔም ማታ ማታ የሚያጫውተኝ ሰው አገኛለሁ።»

ዝናው ሳቀ። ረቢያ ያን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው።

ቅዳሜ መኪናዋ ደሴ ሄደች። ከተማው ግን የጠበቀውን አላገኘም፤ ዝናው ጋቢና ከማህዲ ጎን ተቀምጦ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ነበር። ዲስኮቹን ቶርኖ ቤት ፊታቸውን አስፍቀው፣ መልሰው ገጥመው ከሰዓት ሲመለሱ ረቢያ ከተማው አፋፍ ላይ ጠብቃ ተሳፈረች። ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ማህዲ ሆን ብሎ ፍሬኑን ጫን አለው። መሪው ዝም። መሪውን ለቀቅ አድርጎ ሁለት መዳፉን አሳያቸው፤ ረቢያ «ያዝ አንተ» አለችው፣ ግን አልተቆጣችም።

ዳር ላይ አቁመው መኪናዋ እስክትበርድ ተቀመጡ። ማህዲ ለሰላት ሲነሣ ረቢያና ዝናው ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማይመጣ አወቀች።

«ዝኔ፣ ጠርጥሬህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ዓይንህን ስታሸሽብኝ ጊዜ…»

«እኔ ደግሞ ሐቢብን ጠርጥሬ ነበር፤» አለ ዝናው። ጠጠር አንሥቶ በጣቶቹ መሃል ያሽከረክራል። «ቲጃሪውን ወካላ ነው ብሎ የላከልሽ መስሎኝ። ቁጥርማ ማንም ይቀርጻል። ሰው አገር ያለ ሰው ነው፣ ቸግሮት ይሆናል ብዬ አልፈረድኩበትም። ግን ለአንቺ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? አንድ ወንድምሽ ነው። እሱን ከምትጠረጥሪ እኔን ብትጠረጥሪ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።»

የረቢያ እንባ ወጣ፣ አላበሰችውም።

ማህዲ ሰግዶ መጣና ጎማው ውስጥ እጁን አስገብቶ ዲስኩን ነካ። «በርዳለች» አለ።

ረቢያ ተነሣች። ጫማዋን አወለቀች፣ በሁለት እጇ ከሐይቁ ውኃ ጨልፋ ቀኝ ጎማው ላይ አፈሰሰች። ምንም ድምፅ አልነበረም። ለግራው ደግሞ ዝናውን ጠራችው፤ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ መጣ።